ከሦስቱ ሳጥን አንዱን

ኡሙሀኒ ወሬውን የሰማችው ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ስኳር ስትሰፍር ነው። ባሏ ከድሩ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ከሹፌሩ ከይገዙ ጋር ተቀምጦ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ፣ የልጅቱን ነገር እንደ ፍየል ዋጋ ያነሳል ይጥላል። «ትናንት እኮ ሻዩን ያስቀመጠችው ጭኔ ላይ ነው» አለ ይገዙ እየሳቀ፣ «ጠረጴዛው እዚህ፣ እኔ እዚህ! ዓይኗ አንድ ነገር ሆኗል እልሃለሁ፣ ስማኝ።» ከድሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዓይኗ ምንም አልሆነም። አስተማሪዋ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ታነባለች ይለኛል። ለማንኛውም ዛሬ ይለያል። ነጋዴዋ ሰኢዳ በቀኑ ባቡር ከጅቡቲ የሳይንስ ሳጥኖቹን ይዛ ትገባለች። ልጅቱ ራሷ አይታ ትመርጣለች። አየች፣ ትማራለች። አላየች፣ ዛሬውኑ አንተ ጋ ተሳፍራ ሰርዶ ትወርዳለች። እህቴ ሀምዳ ዕቃ የሚያጥብላት ካጣች መንፈቅ አለፋት። ብርጭቆ ለማጠብ እጅ እንጂ ዓይን አያስፈልግም።» ይገዙ እስከ አሥር ሰዓት እንደሚቆይ፣ ከዚያ ግን ወደ አሰብ እንደሚነሳ፣ ማንንም እንደማይጠብቅ ነገረው። ኡሙሀኒ ስንት ኪሎ ስኳር እንደሰፈረች ጠፍቷት ሚዛኑን እንደገና ጀመረች።

እንግዲህ ልጅቱ ኑራ ናት፣ የከድሩ የሟች ወንድም ልጅ፣ ዕድሜዋ አሥራ አንድ። ሰርዶን ያላየ ሰው ስሟን ሲሰማ ከተማ ይመስለዋል። ድንጋይና ንፋስ ናት፣ በመሀሏ ከባድ መኪና የሚቆምባት፤ ሀምዳም እዚያ ሻይ ቤት አላት፣ እዚያ የገባች ልጅ ደግሞ ስትወጣ ታይቶ አይታወቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ይገዙ አልዋሸም። ኑራ ኩፍኝ ከያዛት ወዲህ ሁሉም ነገር ከወፍራም ሻሽ ኋላ እንዳለ ነው የሚታያት። ቀንና ማታውን ትለያለች፣ ሰው ሲቆም ጥላውን ታውቃለች፣ ከዚያ ያለፈው ጭጋግ ነው። ይህን የሚያውቅ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሷም ኡሙሀኒ ናት። ባለፈው ረመዷን፣ ልጅቱ ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ከትታ ውሃ ስትቀዳ አየቻትና ያዘቻት። ኑራ አለቀሰች፣ ኡሙሀኒም አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለቱም አፋቸውን ዘጉ። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ብትል ለምን ልትባል ነው። ለምን ከተባለች ደግሞ ነገሩ ሊወጣ ነው። አላህ ያሽራታል ብላ ተወችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ተደበቀ ለሚል ሰው፣ መልሱ አስተማሪዋ ቢሰጥ ነው። ኑራ ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ እምቢ አለች ተብላ በትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ስትገረፍ፣ ከድሩ ተቆጥቶ አስወጣትና «ቤቴ ውስጥ አስተምራታለሁ» ብሎ ቢሰጥን በወር በአሥራ አምስት ብር ቀጠረላት። ቢሰጥ ባቡር ጣቢያ ዕቃ የሚመዘግብ፣ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ደግ ሰው ነው። እሱ የተማረው በቃል ስለሆነ የሚያስተምረውም በቃል ነው። መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አንዴ ይልላታል፣ እሷ ሦስቴ ትከተለዋለች። በማግስቱ «ገጽ አሥራ አራት» ብሎ መጽሐፉን ፊቷ ሲያደርገው፣ አንገቷን ደፍታ ገጹን ከላይ እስከ ታች ታወርደዋለች፣ አንዲት ቃል አትስትም። እሱ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን እንኳ ከመካከል አንዲት ፊደል በጣቱ ነክቶ «ይቺ ማን ናት?» ብሎ አልጠየቃትም። ከድሩም በቀበሌ ስብሰባው ላይ፣ በመስጊዱ ግቢ፣ ሻይ ቤቱ በገባው ሰው ሁሉ ፊት «የእኔ ልጅ ዶክተር ነው የምትሆነው» ሲል ከረመ። ሳጥኑንም ያመጣው ይኸው የቢሰጥ ደስታ ነው። «ጋሽ ከድሩ፣ ንባቡን ጨርሳለች፣ ሳይንስ ግን በቃል አይሆንም፣ በእጅ እየነካኩ ነው» አለው። ሰኢዳ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ አንድ የፈረንጅ ሱቅ ለልጆች የሳይንስ ዕቃ በሳጥን እየሞላ በየወሩ እንደሚሸጥ አየሁ አለች። ነገር እንዲህ ነው፣ ከበጎ ሰው አፍ ይወጣና ሄዶ የሚያርፍበት ላይ ያርፋል።

ባቡሩ ሲያፏጭ ኡሙሀኒ ሻሿን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ጣቢያው ወረደች። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ቢሆን ነው፣ የአዋሽ ፀሐይ ቆርቆሮውን የሚያስጮህበት ሰዓት። ሰኢዳ እንደ ወትሮዋ ከሦስተኛው ፉርጎ ወረደች፣ ሰፊ ሴት ናት፣ ከቀሚሷ ሥር ሌላ ቀሚስ፣ ከእሱም ሥር ሌላ ለብሳ የምትሄድ፣ ፍተሻው ካለፈ በኋላ እየቀጠነች የምትመጣ። ኡሙሀኒ ሻንጣዋን ተሸከመችላትና በግራሩ ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። «እስቲ አሳዪኝ» አለቻት። ሦስት ካርቶን ሳጥኖች ናቸው። የቀዩ ክዳን ላይ ምስማር የተንጠለጠለበት ማግኔት ተሥሏል፣ የሰማያዊው ላይ እጀታ ያለው አጉሊ መነጽር፣ የአረንጓዴው ላይ ከዘር የበቀለ ቡቃያ። «እያንዳንዱ ሠላሳ አምስት ብር ነው» አለች ሰኢዳ፣ «አንዱን የመረጠ በየወሩ የዚያኑ ተከታይ አመጣለታለሁ። መለዋወጥ የለም። ሳይገዙ መነካካትም የለም፣ እጅ የገባበት አይመለስም፣ ከአሁኑ እወቂው።» ኡሙሀኒ የምትለውን እየሰማች አልነበረም፣ ዓይኗ ሳጥኖቹን ይደረድር ነበር። «ሰኢዳ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ስትደረድሪያቸው ቀዩን በበሩ በኩል፣ ሰማያዊውን መሀል፣ አረንጓዴውን በግድግዳው በኩል አድርጊልኝ።» ሰኢዳ ለምን አላለችም። በኮንትሮባንድ ያደገ ሰው ለምን ማለት አይወድም።

ኑራ ከጓዳው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀቻት ነበር። ጓዳው መስኮት የለውም፣ የሽንኩርትና የጋዝ ሽታ ታፍኖበታል፣ ለእሷ ግን ከቤቱ ሁሉ የምትወደው ክፍል እሱ ነው፤ ጨለማው ውስጥ ማንም ከእሷ የተሻለ አያይም። ኡሙሀኒ በሯን ዘጋችና ትንፋሿ እያጠረ ነገረቻት፣ «በቀኝ እጅሽ በኩል፣ ወደ በሩ፣ ቀይ ነው፣ ማግኔት ነው። ቀዩን ብለሽ እጅሽን ወደዚያ ዘርጊ። ምስማር ተንጠልጥሎበታል በይ። ሌላ ነገር እንዳታወሪ።» ኑራ ደገመችላት፣ አንዴ ብቻ፣ ሳትሳሳት። ከዚያ «የመሀሉስ ምንድን ነው?» አለች። ኡሙሀኒ ነገረቻት። «ምን ያህል ያጎላል?» «ጉንዳኗን ዝንብ ያሳክላታል አለች ሰኢዳ።» «ፊደልንስ?» ኡሙሀኒ ችኮላ ላይ ነበረች፣ ከውጪ የከድሩ ድምፅ ይሰማታል፣ ልጅቱ ደግሞ የማይሆን ነገር ትጠይቃታለች። «እኔ ምን አውቄ፣ ኑራ። ለአንቺ የሚሆንሽ በእጅ የሚጨበጠው ነው። መስታወት ዓይን ላለው ሰው ነው።» ካለችው በኋላ ቃሉ ሰቀጠጣት፣ ሆኖም ወደ አፍ አይመለስ። ኡሙሀኒ የነጭ ሻሿን ጫፍ በምራቋ አርጥባ የልጅቱን ግንባር ጠረገችላትና አስነሳቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከድሩ ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥሮ ያገኘው የምስክር ወረቀት ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ በአቧራ ተሸፍኖ፣ በየጁምዓው ግን በጨርቅ የሚወለወል። ይገዙ የቀረችውን ሻዩን ይዞ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስደግፏል፣ ሊስቅ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው የሚመስለው። ሰኢዳ ቃሏን ጠበቀች፣ ቀዩን በበሩ በኩል፣ ሰማያዊውን መሀል፣ አረንጓዴውን በግድግዳው በኩል አስቀመጠች። ኑራ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አልሀምዱሊላህ ነበር። ያኔ ቢሰጥ ከሥራው ሮጦ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ ገባና «የታሉ? የታሉ?» እያለ እንደ ሕፃን ሳጥኖቹ ላይ ወደቀ። ሰኢዳ «አትነካካ» ብትለው ማን ሰምቷት። ቀዩን አነሳ፣ ጆሮው ሥር ነቀነቀው፣ ምስማሮቹ ተንኳኩ፤ ሳቀና ከግድግዳው በኩል አኖረው። አረንጓዴውን አነሳ፣ ዘሩ ተንሸዋሸዋ፤ በበሩ በኩል አኖረው። ሰማያዊውን አንስቶ ነቀነቀው፣ ድምፅ የለውም፤ መሀል መልሶ አስቀመጠው። ኡሙሀኒ ልትናገር ነው፣ ምን ብላ ትናገር? ልትስል ነው፣ በሳል ለመጠቋቆም አልተነጋገሩም። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«በይ» አለ ከድሩ፣ «ከሦስቱ አንዱን። ደህና አድርገሽ እይና ምረጪ።» ኑራ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፣ ወደ በሩም አይደለም ወደ ግድግዳውም አይደለም፣ ወደ መሀል፣ መዳፏንም ሰማያዊው ክዳን ላይ አሳረፈች። «ይኼን።» ኡሙሀኒ አለቀልን አለች በልቧ። «ምንድን ነው እሱ?» አለ ከድሩ። «አጉሊ መነጽሩ ነው፣ አጎቴ።» ከድሩ ክዳኑን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ ወደ ይገዙ ዞረ። «አየህ?» አለው፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ፣ «አየህ የአንተን ነገር? ሻይህን ራስህ ነው የደፋኸው።» ይገዙ ትከሻውን ነቀነቀና ሻዩን ጠጣ። ኡሙሀኒ ያኔ ነው የገባት። ልጅቱ የምስማሩን ድምፅ ሰምታለች፣ የዘሩንም ሰምታለች፣ ዝም ያለው የቱ እንደሆነ አውቃለች። ቀዩን መምረጥ ትችል ነበር። አልመረጠችም፣ ስለፈለገች ነው። ኡሙሀኒ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ኮርታ አታውቅም፣ የበሩን መቃን ለቅቃ ወደ ውስጥ ገባች።

ምናለ እዚያ ላይ ቢበቃ። ከድሩ ግን ደስ ሲለው መቆም የማይችል ሰው ነው። ብሩን ለሰኢዳ ሰጣት፣ ሳጥኑን ራሱ ቀደደው፣ መነጽሩን ከጭድ ወረቀቱ አውጥቶ በቀሚሱ ጫፍ ጠርጎ ለኑራ አስያዛት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረደ። «ይኼን አንብቢልን። በአጉሊው። እንግዳ ይስማ።» ቢሰጥ እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሎ ቆመ፣ ተማሪው ፈተና ላይ እንደቀረበለት መምህር። ኑራ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችው፣ መነጽሩን አስጠጋች፣ ዓይኗንም መነጽሩ ላይ ልትጥለው ምንም አልቀራት። አነሳችው፣ ዝቅ አደረገችው፣ ደግሞ አነሳችው። ከውጪ የአንድ ግመል ደወል ይሰማል። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፣ አፏ ተከፈተ፣ እንዲህ ያለ ፊት ኡሙሀኒ ልጅቱ ላይ አይታ አታውቅም።

«ያ ረቢ፣ ፊደል እንዲህ ናት እንዴ?» አለች ኑራ። ድምፅዋ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ነበር። «እኔ ነጥብ ነጥብ ትመስለኝ ነበር። ይቺ ሁለት እግር አላት። በጎኗም የወጣ ነገር አላት። ጋሽ ቢሰጥ፣ ይቺ ማን ናት?» ቢሰጥ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ሳያስበው፣ እንደ ልማዱ፣ «ከ ናት፣ የአጎትሽ ስም መጀመሪያ» አላት። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ልጅቱ ገና አልገባትም፣ ደስታ መቼ ያስተውላል። «ከ» አለች፣ «ከ። ሁለት እግር።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ እያስኬደች ሌላ ከ ትፈልግ ጀመር።

መጀመሪያ የሳቀው ይገዙ ነው። ሰኢዳም ተከተለችው፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «ወላሂ ከድሩ፣ ዶክተርህ ፊደል እየቆጠረች ነው» አለ ይገዙ፣ «ገና ከ ላይ ነች።» ከድሩ አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለ ነበር። ወረቀቱን ከልጅቱ እጅ ወሰደ፣ መነጽሩንም ወሰደ፣ ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሁለት ዓመት» አለ። «ሁለት ዓመት ምን ስታነቢልኝ ነበር?» ኑራ አሁን ገባት፣ እጇ በአየር ላይ ቀረ። ቢሰጥ ነው የተናገረላት፣ «ጋሽ ከድሩ፣ ይስሙኝ። አሁን አየች እኮ። በዚህ መነጽር በሦስት ወር ፊደሉን አስጨርሳታለሁ፣ ያለ ክፍያ። ጭንቅላቷን ያውቁታል፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት...» «አንተ» አለው ከድሩ፣ «አንተ ማን ሆነህ ነው? ዓይን ያላት ይሁን የሌላት ሳታውቅ ሁለት ዓመት ደመወዝ የበላህ። ሂድ ዕቃህን መዝግብ።» የተባለው እውነት ስለሆነበት ቢሰጥ ቆቡን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ ከድሩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ? ታውቂ ነበር?» ኡሙሀኒ ልጅ አልወለደችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የኖረችው በከድሩ ዝምታ ነው፣ የባቲ ዘመዶቹ ሌላ አግባ ሲሉት ዝም ስላለ። የዚያ ዝምታ ዋጋ ስንት እንደሆነ እሷ ብቻ ታውቀዋለች። ልጅቱ ፊቷን ወደ እሷ ድምፅ አዙራ ትጠብቃለች፣ ይገዙ ይጠብቃል፣ ሰኢዳ ትጠብቃለች። «እኔ ከየት አውቄ» አለች ኡሙሀኒ። ይኼም ባልበቃ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኔንም አታላኛለች» ብላ ጨመረችበት። «አዎ፣ እቴቴ አታውቅም» አለች ኑራ፣ «ለማንም አልነገርኩም።» ድምፅዋ ገጽ አሥራ አራትን ስታወርድ እንደነበረው ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ስህተት የሌለበት።

«ዓይን የሌለውን እታገሣለሁ፣ የአላህ ሥራ ነው» አለ ከድሩ፣ «ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ የሚያሞኘኝን ግን አልችልም።» ይገዙን ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀው፣ ሲያውቀው። ሰኢዳ ሻንጣዋን እየዘጋች፣ አንድ ነገር መናገር እንዳለባት ተሰምቷት ነው መሰል፣ «የተከፈተው አይመለስም፣ ብዬ ነበር» አለች። «ማን መልሺ አለሽ?» አላት ከድሩ።

ዕቃዋ ብዙ አልነበረም። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ሽርጥ፣ ማበጠሪያ፣ የላስቲክ ጫማ። ኡሙሀኒ በፌስታል ቋጠረችላት፣ ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ ፈትታ አሰረችው፣ የምትጨምረው ነገር እያሰበች። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ከድሩ ለዐስር ሰላት ሊታጠብ ወጥቷል፣ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ሄዳ አነሳችው። እጀታው ከኑራ እጅ ላብ ገና እርጥብ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ለመክተት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ግን ከድሩ ሲመለስ የት ሄደ ይላል፣ ለምን ሰጠሻት ይላል፣ ታውቂ ነበር ማለት ነው ይላል። መልሳ አኖረችው፣ እንደነበረበት፣ እጀታው ወደ በሩ ዞሮ።

የይገዙ መኪና ከጥጥ ፋብሪካው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ረዳቱ ኑራን በብብቷ አንስቶ ጋቢና ውስጥ አስገባት። ኡሙሀኒ ከታች ቆማ እግሯን ያዘቻት፣ የላስቲክ ጫማዋ ጠፍር ተፈትቶ ነበርና አሰረችላት። ገዋኔ ላይ ንፋስ እንዳለ፣ ሚሌ ሲደርሱ ለእራት እንደሚቆሙ፣ ሀምዳ ክፉ እንዳልሆነች፣ ሁሉንም ነገረቻት፣ የሀምዳውን ራሷም ሳታምነው። ኑራ አዳመጠቻት። «እቴቴ» አለች በመጨረሻ፣ «መነጽሩን ትልኪልኛለሽ?» «ኢንሻአላህ» አለች ኡሙሀኒ። ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ናት፣ በዚህ አገር ያደገ ልጅ ከድምፁ ይለያታል፣ ኑራ ደግሞ በጆሮ የሚስታት አልነበረም። ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። መኪናው ሲንቀሳቀስ አቧራው መጣ፣ ኡሙሀኒ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ እስኪያልፍ ጠበቀች።

ስትመለስ ከድሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። የቀደመውን ቀን ጋዜጣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አጉሊ መነጽሩን እያራቀ እያቀረበ ያነባል። ፊቱ ተረጋግቷል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ዓይኑ እየደከመ እንደሆነ ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። «ሰኢዳን የሚቀጥለውን ወር አምጪ ብያታለሁ» አላት፣ ቀና ሳይል፣ «እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም።» ሻይ አፈላችለትና አጠገቡ አኖረችው፣ ጠረጴዛው መሀል፣ ጠርዙን በእጇ ዳስሳ። አንዲት ዝንብ ጋዜጣው ላይ አረፈች። ከድሩ ትንፋሹን ያዘ፣ መነጽሩን ቀስ ብሎ ከላይዋ አደረገና፣ ዝንቧ እንዳትበር እየሠጋ፣ በሹክሹክታ ጠራት። «ነይ፣ ነይ እይ። እግሯ ላይ ፀጉር አላት፣ ሱብሃነላህ። ይታይሻል?»

ኡሙሀኒ ጎንበስ አለች። እግሮቿን፣ ፀጉሩን፣ ክንፏ ላይ ያለውን መስመር ሁሉ አየች፣ ከሥሯም ፊደሎቹን፣ ትልልቅ፣ ጥቁር። ማንበብ አትችልም። ከመካከላቸው ግን ሁለት እግር ያላትን አወቀቻት።

«አዎ» አለችው፣ «ይታያል።»